የቤትን ደጃፍ በቁጥር ስለ ማወቅና ለድሬ ዳዋ ልጆች ስለሚስማማ አንድ የፍለጋ ጨዋታ

ሰው የሚኖርበትን ቤት ዓይኑ ያውቀዋል፤ እግሩም በጨለማ ሳይቀር ይመራዋል። ነገር ግን ቤቱን አይቶት ለማያውቅ ለሌላ ሰው «ቤቴ እዚህ ላይ ነው» ብሎ በቃል ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ያልተረዳ የቤተ ሰብ አባት ወይም እናት አይገኝም። በድሬ ዳዋ ከተማ እንግዳ ሲጠራ፣ ዕቃ ሲታዘዝ፣ ባጃጅ ወይም አምቡላንስ ሲፈለግ የምንሰጠው ምልክት ብዙውን ጊዜ «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር» የሚል ነው። ሱቁ ተዘግቶ፣ በሩም ሌላ ቀለም ተቀብቶ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ምልክቱ ሁሉ ፈርሶ ፈላጊው በየደጁ ሲጠይቅ ይቀራል።

ይህም ችግር ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በሌሊት ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ ትኩሳት የጠናበት ሕፃን ወይም በድንገት የወደቀ ሽማግሌ ባለበት ቤት የሰው ልብ ይሸበራል፤ ምላስም ይተሳሰራል። በመንገድ ያለው ሾፌር «የት ነው? በየት በኩል ልምጣ?» እያለ ሲደጋግም፣ በቤት ያለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያልፍበትን መንገድ እንኳ ለመናገር ይቸግረዋል። በዚያች ሰዓት የቤትን ስፍራ ማስረዳት መጀመር ድስት ጥዶ እንደ ማልቀስ ነው። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ቤተ ሰብ የቤቱን ስፍራ በማይፈርስና በማይለወጥ ምልክት፣ ማለት በቁጥር፣ በሰላሙ ጊዜ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ይህንንም ትምህርት ለልጆች ያለ ድካም የሚያስተምር ደስ የሚያሰኝ ጨዋታ ስላለ፣ ዛሬ ስለ ሁለቱም አንድ ላይ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ሁለቱ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

በምድር ላይ ያለ ስፍራ ሁሉ በሁለት ቁጥሮች ሊገለጽ ይችላል። አንደኛው ኬክሮስ ይባላል፤ ይኸውም ስፍራው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደ ራቀ የሚያመለክት ነው። ሁለተኛው ኬንትሮስ ይባላል፤ ይህም በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ በግሪንዊች በኩል ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይነግራል። የእኛ ከተማ ድሬ ዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ፣ ከግሪንዊችም በስተ ምሥራቅ በ41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች።

እዚህ ላይ ደቂቃ ማለት የሰዓት ደቂቃ ሳይሆን የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ነው። በስድሳ እየከፈሉ መቁጠር ለሀገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም፤ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ እንደሚከፈል የታወቀ ነውና። ስለዚህ አያት ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ እንደ ሆነ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው በዚህ ነገር ሊያስተምሩ ይችላሉ።

በቀድሞ ዘመን የአንድን ስፍራ ቁጥር ማግኘት የሊቃውንት ብቻ ሥራ ነበረ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ የተራራና የከተማ ስፍራ ለመለካት የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ተሸክሞ ኮረብታ ይወጣ፣ ፀሐይንና ከዋክብትንም ይመለከት ነበር። የለካውንም አስልቶ በመጽሐፍ እስኪያወጣ ድረስ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ዛሬ ግን ያንኑ የመሰለ ሥራ አንድ የእጅ ስልክ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይፈጽመዋል።

ስልኩ ይህን የሚያደርገው በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ነው። ጂፒኤስ የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከምድር በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ ሩሲያ፣ አውሮፓና ቻይናም የየራሳቸው አላቸው። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ተሸክሞ «እኔ በዚህ ሰዓት በዚህ ስፍራ ነበርሁ» የሚል ምልክት ሳያቋርጥ ይልካል። ስልኩም ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ካገኘ ያለበትን ስፍራ ያውቃል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት እንኳ 300 ሜትር ያህል ያሳስታል፤ የሰዓቶቹም ትክክለኛነት ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ደግሞም ስልኩ ምልክትን ከመቀበል በቀር ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራም ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው፤ እርሱንም አስቀድሞ በስልኩ ማስቀመጥ ይቻላል።

የጨዋታው አጀማመር

እስከ 1992 ዓ. ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚላከውን የሳተላይት ምልክት ሆነ ብሎ ያዛባው ስለ ነበረ፣ ስፍራ የሚፈልግ ሰው እስከ 100 ሜትር ያህል ይሳሳት ነበረ። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ. ም. ግን በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ማዛባት ቀረ። በማግሥቱ ሚያዝያ 25 ቀን ዴቭ አልመር የተባለ አሜሪካዊ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያገለግል ለመፈተን አስቦ፣ በኦሪጎን ክፍለ ሀገር በጫካ ውስጥ የተለያየ ዕቃ የያዘ ባልዲ አስቀመጠና የስፍራውን ቁጥር ለሌሎች አስታወቀ። ያገኘውም ሰው ከዕቃው አንዱን ወስዶ በምትኩ ሌላ እንዲያስቀምጥና ስሙን በደብተሩ እንዲጽፍ አሳሰበ። በጥቂት ቀን ውስጥ ባልዲው ተገኘ፤ ጨዋታውም በዓለም ላይ ተስፋፋ።

ጨዋታው ጂኦካቺንግ ይባላል። «ጂኦ» ምድር ማለት ሲሆን ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ካሽ» ደግሞ በፈረንሳይኛ መደበቂያ ስፍራ ማለት ነው። በምድር ባቡሩ ምክንያት ፈረንሳይኛን ከጥንት ለለመደችው ድሬ ዳዋ ቃሉ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንባትም። ጨዋታውም ቢሆን የሀገራችን ልጆች ከሚጫወቱት ከድብብቆሽ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ የሚደበቀው ልጁ ሳይሆን ሣጥኑ መሆኑና ፈላጊውም በጩኸት ሳይሆን በቁጥር መመራቱ ነው።

ቁጥሩን በስልክ ስለ ማግኘት

አሠራሩ ቀላል ነው። በስልክዎ የካርታውን ፕሮግራም ይክፈቱ፤ በሚፈልጉት ስፍራ ላይ ጣትዎን ሳያነሡ ጥቂት ይጫኑ፤ በዚያን ጊዜ በስፍራው ላይ ምልክት ይተከላል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ይታያሉ። በመጀመሪያ የሚመጣው ኬክሮስ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኬንትሮስ ነው። የእጅ ስልኮች ካርታ ቁጥሩን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ሳይሆን በነጥብ ተከፍሎ ነው፤ ለምሳሌ ድሬ ዳዋ 9.6 እና 41.87 ተብላ ትጻፋለች። ይህን ወደ ደቂቃ ለመለወጥ ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 ማባዛት ነው። 0.6 በ60 ሲባዛ 36 ይሆናል፤ 0.87 በ60 ሲባዛ ደግሞ 52.2 ይሆናል። በትምህርት ቤት የነጥብ ቁጥር የሚማር ልጅ ይህን ሒሳብ ለወላጆቹ ሠርቶ ቢያሳያቸው ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ይገባዋል።

ከነጥቡ በኋላ ያሉት አኃዞች ብዛት ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ አኃዝ ብቻ ቢሰጥ የሚያመለክተው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነው፤ ይህም ከተማን ብቻ ያስታውቃል። ሁለት አኃዝ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ማለት ሰፈርን፤ ሦስት አኃዝ 110 ሜትር፣ ማለት መንገድን፤ አራት አኃዝ 11 ሜትር፣ ማለት ግቢን፤ አምስት አኃዝ 1 ሜትር ያህል፣ ማለት ደጃፍን ያመለክታል። ስለዚህ የቤት ቁጥር በአምስት አኃዝ መጻፍ ይገባል። ሆኖም ስልክ ራሱ በገላጣ ሰማይ ሥር እስከ 5 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉና ሰፊ ስለ ሆኑ በዚያ ምልክቱ በደኅና ይደርሳል፤ በመጋላ ግን በጠባቡ መንገድና በግንቡ መካከል ምልክቱ እየነጠረ ቁጥሩን ያናውጠዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለም እንዲሁ ይቸገራል። መድኃኒቱም ወደ ገላጣ ግቢ ወጥቶ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መያዝ ነው። ለምሳሌ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በመጀመሪያ 12፣ ቀጥሎ 18፣ በኋላም 15 ቢሆኑ ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል ነው፤ መልሱም 15 ይሆናል።

ሁለት ስሕተቶችን አጥብቆ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ቅደም ተከተሉን ማዛወር ነው። የድሬ ዳዋን ቁጥር አዛውሮ 41.87ን በፊት፣ 9.6ን በኋላ የጻፈ ሰው በአውሮፓ ከኮርሲካ ደሴት በስተ ምሥራቅ ባለው ባሕር ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ደቂቃንና ነጥብን ማደባለቅ ነው። 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃን 9.36፣ 41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃንም 41.52 ብሎ የጻፈ ሰው ከድሬ ዳዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ሐረርጌ ደጋ ይወጣል። በጨዋታ ጊዜ ይህ ያስቃል፤ በሕመም ጊዜ ግን ነፍስ ያስጠፋል።

ጨዋታውን ለቤተ ሰብ ስለ ማዘጋጀት

ወላጆች ይህን ጨዋታ በትንሽ ወጪ ሊያዘጋጁት ይችላሉ። ክዳኑ በደኅና የሚገጥም ባዶ ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ትንሽ ደብተር፣ እርሳስ፣ እንዲሁም እንደ ብይ፣ ዶቃና ቁልፍ የመሰለ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ሽልማት ይበቃል። ምግብና ጣፋጭ ነገር በውስጡ ማስቀመጥ አይገባም፤ ጉንዳንና አይጥ ይስባልና። በጣሳው ላይ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት። አባት ወይም እናት በዘመድ ግቢ ወይም ባለቤቱ በፈቀደው ስፍራ ጣሳውን ያስቀምጡና ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ለልጆቹ ይስጡ። ከቁጥሩም ጋር «ጥላው ከሰፋው ዛፍ አጠገብ» እንደሚል ያለ አንድ አጭር ፍንጭ ይጨመር።

ልጆቹ ቁጥሩን በስልኩ ጽፈው በካርታው እየተመሩ ይሄዳሉ፤ ወደ ስፍራው ሲቀርቡ ግን ስልኩ የሚረዳቸው እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ብቻ ስለ ሆነ ቀሪው የዓይናቸውና የአእምሮአቸው ሥራ ነው። የጨዋታውም ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። መሣሪያ እስከ የት እንደሚያደርስና የሰው ማስተዋል ከየት እንደሚጀምር ልጁ በገዛ እጁ ይማራል። ጣሳውን ያገኘ ልጅ ስሙንና ቀኑን በደብተሩ ይጽፋል፤ አንድ ዕቃ ቢወስድ በዋጋ የማያንስ ሌላ ዕቃ ይተካል፤ ጣሳውንም እንደ ነበረ ይመልሳል። በዚህም ከርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ማሰብን ይለምዳል። በፍለጋው ላይ ታናሽ እኅት ቁጥር እያነበበች፣ ታላቅ ወንድም አቅጣጫ እየመራ፣ አያትም የሰፈሩን ታሪክ እያወሩ ቢሄዱ ጨዋታው የቤተ ሰብ ሁሉ ይሆናል።

ለምሳሌ ወደ ቀድሞው የባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚወስድ ጉዞ ቢዘጋጅ፣ አያት ከተማይቱ ስለ ምን በዚህ ሜዳ ላይ እንደ ተቆረቆረች ሊተርኩ ይችላሉ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው በሜዳው ቀርቶ በ1895 ዓ. ም. ከዚህ በመድረሱ ድሬ ዳዋ ተመሠረተች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር።

ስለ ጥንቃቄ

ደስታ ወደ ጉዳት እንዳይለወጥ ወላጆች የሚከተለውን ሊያስቡ ይገባል። በመጀመሪያ፣ በደቻቱ አሸዋ ውስጥና በዳርቻው ምንም ነገር አይደበቅ፤ ልጆችም ለፍለጋ ወደዚያ አይላኩ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ ያታልላል፤ በከተማው አንዲት ጠብታ ሳትወርድ በደጋው የጣለው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ዓ. ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ማጥፋቱንና ብዙ ሺህ ሰዎችን ያለ ቤት ማስቀረቱን ከተማይቱ አትረሳውም።

ሁለተኛ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በባቡር ጣቢያ፣ በጦር ሰፈር፣ በድልድይና በመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ የተዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም፤ ጠባቂዎችን ያስደነግጣልና፣ ደስታው ወደ ጭንቀት ይለወጣል። ሦስተኛ፣ ጥንታዊ ቅርስ ባለበት ስፍራ አይቆፈር፣ ድንጋይም አይነቀል። በድሬ ዳዋ አጠገብ ያለው፣ በፈረንሳይኛ የጃርት ስም ተሰጥቶት ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ነው፤ በአካባቢውም በዋሻ ግድግዳ ላይ የተሣሉ የጥንት ሥዕሎች አሉ። ቁጥራቸውን አውቆ መጎብኘት መልካም ነው፤ በውስጣቸው ዕቃ መደበቅ ግን ነውር ነው። አራተኛ፣ የድሬ ዳዋ ፀሐይ በቀትር ጊዜ የበረታ ስለ ሆነ ጨዋታው በጧት ወይም በማታ ይሁን፤ ውኃም ይያዝ። መንገድ ሲሻገሩ ዓይን ከስልኩ ላይ ይነሣ።

አምስተኛ፣ የቤት ቁጥር ለታመነ ሰው የሚነገር እንጂ በአደባባይ የሚለጠፍ አይደለም። ስልኩ ተፈቅዶለት እንደ ሆነ ፎቶግራፍ ሲነሣ የስፍራው ቁጥር አብሮ ተሰውሮ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ የልጆችን ፎቶግራፍ ለማይታወቅ ሰው ከመላክ አስቀድሞ ይህን ማጥፋት ያስፈልጋል። ልጅም ማንነቱን የማያውቀው ሰው በላከለት ቁጥር ብቻውን ወደ የትም እንዳይሄድ በብርቱ ይነገረው።

ከጨዋታው ወደ ቤት ደጃፍ

ልጆች ጨዋታውን ከለመዱ በኋላ የመጨረሻውን ፍለጋ ወላጆች እንዲህ ያድርጉት፤ «የገዛ ቤታችንን ደጃፍ ቁጥር ፈልጋችሁ አምጡ» ይበሏቸው። ልጆቹም ሦስት ጊዜ ለክተው፣ መካከለኛውን አውጥተው፣ በአምስት አኃዝ በትልልቅ ጽሕፈት በወረቀት ይጻፉት። ወረቀቱ ከበሩ በስተ ውስጥ፣ ሁሉ በሚያየው ስፍራ ይሰቀል። በላዩም የቀበሌው ስም፣ ሁልጊዜ የሚነገረው የሰፈር ምልክትና የሚጠሩ ሰዎች የስልክ ቁጥር ይጨመር። ቁጥር መጣ ተብሎ ምልክቱ አይተውም፤ በቁጥር መመራት ያልለመደ ሾፌር ሊያጋጥም ይችላልና፣ ሁለቱ ይረዳዳሉ። ከተቻለም ቁጥሩ በቃል ከመነገሩ ይልቅ በጽሑፍ መልእክት ቢላክ ስሕተት ይቀንሳል። በቃል የሚነገር ከሆነ ግን አኃዝ በአኃዝ፣ ቀስ ተብሎ ይነበብ፤ ሰሚውም መልሶ ያንብበው።

ይህን መያዝ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። በድሬ ዳዋ ከተማ ያለ ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ኬክሮሱ በ9.5 ወይም በ9.6፣ ኬንትሮሱም በ41.8 ይጀምራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የተለዩ ሆነው የሚቀሩት በየቁጥሩ መጨረሻ ያሉት አራት አራት አኃዞች ብቻ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን የስልክ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ከሆነ እነዚህን ስምንት አኃዞች መያዝ አያቅተውም። ማንበብ ለማይችሉ አያትም ወረቀቱ የት እንደ ተሰቀለ ማሳየትና ለሚያነብ ጎረቤት አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ የአባቱን ስምና የትውልድ ሰፈሩን ማስተማር የቆየ ልማዳችን እንደ ሆነ ሁሉ፣ የቤቱን ደጃፍ ቁጥር ማስተማርም ከዚህ ጋር ይቆጠር። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ስልክ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀትና የአንድ እሑድ ጧት ብቻ ነው። ልጆች በዚያች ጧት ጨዋታ ብቻ የተጫወቱ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በሌሊት ርዳታ የሚፈለግበት ቀን የመጣ እንደ ሆነ፣ ሾፌሩ «የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ከታላላቆቹ ሁሉ ቀድሞ ያለ ድንጋጤ የሚመልሰው ያ በጨዋታ የተማረ ልጅ ይሆናል።